መስከረም ስምንት ወደ ኤርፉርት

ባለቤቴ መንበሩ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ጀርመን አገር እንዲሄድ የተመረጠ ዕለት የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊለን መጣ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሦስት ልጆች ያለ አባት እንዴት እንደሚያድጉ አስብ ነበር።

አውሮፕላኑ ሲወድቅ ታየኝ። ብርዱ ደረቱን ሲመታው ታየኝ። የማያውቀውን ምግብ በልቶ ሆዱን ሲይዝ ታየኝ። ግን ይህ ሁሉ ቢመጣ ወግ አለው፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ያስተዛዝናል፣ ሰው እናቲቱን አይዞሽ ይላታል። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። በሕይወት፣ በጤና፣ በደስታ እዚያው ቢቀርስ?

ምስክሬ አጠገቤ ነበረች። ጎረቤቴ ካሰች የቡሬ ልጅ ናት። ባሏ ገደፋው የከብት ሐኪም ነበር። ለስድስት ወር ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ፣ በአምስተኛው ወር ወደ ምዕራቡ ተሻግሮ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ካሰች ቡሬ የነበራትን ሥራ ተነጠቀች፣ ልጇ ከሕፃናት ኪነት ተባረረች። እዚህ እህቷ ቤት ተጠግታ የሰው ፀጉር እየሠራች ትኖራለች። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ቀበሌ ሄዳ ትፈርማለች። ጸሐፊው "ባልሽ ምን ጻፈልሽ?" ይላታል፤ "ምንም" ትላለች፤ "ፈርሚ" ይላታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ሦስት ቃል ለመነጋገር አልደከሙም።

እኔ ጓደኛዋ ነኝ እላለሁ። ሰኞ ሰኞ ግን አብሬያት እንዳልታይ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ ነው ሥራ የምገባው።

መንበሩ የታሪክ መምህር ነው። ኤርፉርትን አይቷት አያውቅም፤ ከፍኖተ ሰላም ይልቅ ግን ያውቃታል። ዓመቱን በውል አላስታውስም፣ አንድ ጀርመናዊ ወደ ጢስ ዓባይ ሲያልፍ ጎማው ፈንድቶበት እኛ ቤት አደረ። ሲሄድ ከመኪናው ውስጥ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውጥቶ ሰጠን። አንደኛው ገጽ ላይ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ ቤቶች አሉ። ሰው የሚኖርባቸው፣ መስኮት ያላቸው፣ አበባ የተደረደረባቸው ቤቶች። መንበሩ ያቺን ገጽ ገንጥሎ፣ ከሥሯ የነበሩትን የቀን ቁጥሮች ለውበት ብሎ በመቀስ ቆርጦ ጥሎ፣ ሳሎን ሰቀላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሳይቀመጥ የኤርፉርትን ድልድይ ይማራል።

"አስቢው እስቲ ያይኔ፣" ይለኛል፣ "እኛ የዓባይ ድልድይ ላይ መኪና እንኳ ማቆም አይፈቀድልንም። እነሱ ግን አልጋ ዘርግተውበታል!"

"ቢደረመስስ?" እለዋለሁ።

"ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ አልተደረመሰም።"

"እንግዲያማ ተራው ደርሷል።"

የምሠራው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ነው፤ በጽሕፈት መኪና ላይ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ግብዣው በሐምሌ ወር ሲመጣ መዝግቤ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው። አንድ አርአያ መምህር ለአሥራ አራት ቀን ታሪካዊቱን ከተማ እንዲጎበኝ፣ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ሴፕቴምበር ስምንት መሆኑን፣ ተጓዡም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እንዲገኝ ይላል። ወረቀቱን ለአለቃዬ ለጓድ እጅጉ አስገባሁለት። ጓድ እጅጉ የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ስድስት ወር ውጭ አገር ተምሮ ስለ መጣ ቋንቋ የሚባል ነገር ሁሉ እንደ ሠለጠነ ውሻ ስሙን ሲጠራው የሚመጣለት ይመስለዋል። መንበሩ ከተመረጠ በኋላ ራሱ ተርጉሞ ያስጽፈኝ ጀመር።

"ጻፊ። ተጓዡ መስከረም ስምንት ቀን..."

እጄ ቆመ። "ጓድ፣ ወረቀቱ ሴፕቴምበር ነው የሚለው።"

"ታዲያ ሴፕቴምበር ምንድን ነው? መስከረም አይደለም?"

"ነው፤ ግን እኮ..."

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብለሽ ነው?"

"ኧረ እኔ ምን ወጣኝ፣ ጓድ።"

"እንግዲያው ጻፊ።"

ጻፍኩ። ጓድ እጅጉ ዋናውን ደብዳቤ "ምስጢር" የሚል ማኅተም መትቶ ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። እኔ ወንበሬ ላይ ተመልሼ በጣቴ ቆጠርኩ። የፈረንጅ ሴፕቴምበር ስምንት የኛ ጳጉሜን ሦስት ነው። መንበሩ መስከረም ስምንት ለመሳፈር ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አሥር ቀን ይሆነዋል።

ለባሌ ልነግረው ተነሥቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሰኞ ነበርና በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞርኩ። እዚያው መታጠፊያው ላይ ከካሰች ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ለካ እሷም ሰው እንዳያያት በዚያው በኩል ነው የምትመለሰው። የቀኝ አውራ ጣቷ በማኅተም ቀለም ጠቁሯል።

"ጸሐፊው እስክሪብቶ ጠፋ ብሎ በጣት አስፈረመኝ" አለችና ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችው። አልለቀቀላትም።

ቤቴ ገብቼ ለመንበሩ እራት አቀረብኩለት። ሌላ አንድም ነገር አላቀረብኩለትም።

ከዚያ ወዲያ ዕቅድ መጣ። በዚያ ዘመን ያለ ዕቅድ ዶሮም አትጮህም ነበር። ሰባት ሰው ያለበት የጉብኝት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከጓድ እጅጉ በቀር ከሰባቱ አንዱም ከደብረ ማርቆስ አልፎ የማያውቅ ሲሆን፣ የኤርፉርትን አሥራ አራት ቀን ከፋፍለው አጸደቁ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ድልድዩ መቶ በመቶ ይጎበኛል ተባለ። በሁለተኛው ቀን ከድልድዩ የተገኘው ትምህርት ለአውራጃው እንዴት እንደሚጠቅም ይጤናል። ወደ ሦስተኛው ቀን ስንደርስ ጓድ እጅጉ መነጽሩን አወለቀ።

"ይህ ምንድን ነው? ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ጎን ለጎን?"

"አዎ ጓድ፣" አለ መንበሩ፣ "ኮረብታ ላይ ናቸው። ሰባ ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚደረሰው።"

"ለአንድ ከተማ ሁለት ምን ያደርጋል? ይሰረዝ።"

"ጓድ፣ እኮ ከተማው መሀል ነው የቆሙት። ሳልፍ ዓይኔን ልጨፍን?"

ኮሚቴው አንድ ሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻም ተጓዡ ሰባውን ደረጃ ብቻ ወጥቶ እንዲመለስ፣ ደረጃው የሠርቶ አደሩ ላብ ውጤት ስለ ሆነ እንዲጎበኝ፣ ሕንፃዎቹ ግን ከጉብኝቱ ውጭ እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስጦታስ ምን ይሁን ሲባል፣ ለወንድም ሕዝብ ከቡሬ አሥር ኪሎ በርበሬ እንዲወሰድ ተባለ። የዛላው አቧራ በቢሮው ውስጥ እየበነነ ሳምንቱን በሙሉ እያነጠስን ዋልን። እኔ ያን ሁሉ ዕቅድ በአምስት ኮፒ፣ በካርቦን፣ አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። ስህተቱ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሚገባ ጻፍኩት።

ቤትም ቢሆን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሹራብ ሠራሁለት። ካፖርት ከሰው ተውሼ ገበሩን አደስኩለት። የማይሄድን ሰው ለብርድ ማዘጋጀት እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ሌላ ጊዜ ቢሆን በየስፌቱ ሳንባ ምች ይታየኝ ነበር። አሁን ግን እያንጎራጎርኩ እሰፋለሁ። መንበሩ ትጋቴን እያየ ሆዱ ይባባል።

"እኔ እኮ ታስቀሪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር" አለኝ አንድ ቀን።

"እኔ? እንዴት አድርጌ?"

"በጭንቀትሽ ነዋ። እንዲህ ደስ ብሎሽ ታሰናጂኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።" ከዚያ ወደ ድልድዩ ሥዕል ቀና አለና፣ "አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። ጀርመኖቹ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን መምህር መጥራታቸው። አንቺ ዋናውን ደብዳቤ አይተሽዋል አይደል? ቀኑ ልክ ነው?"

መርፌዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁና ክር የማስገባ መሰልኩ።

"እንደ ተጻፈው ነው" አልኩት።

አመነኝ። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ዋሽቼው አላውቅማ። እኔ እኮ የምዋሽ ሰው አይደለሁም፤ የምፈራ ሰው ነኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ካሰች ፀጉሬን ልትሠራኝ መጣች። መንበሩ አልነበረም። ሹሩባውን ጨርሳ ከጡቷ ሥር ትንሽ ፎቶ አወጣች። ልጇ ናት፤ ከተማው ፎቶ ቤት የተነሣችው፣ ጥቁር ነጭ። ከኋላው የፈረንጅ አድራሻ ተጽፎበታል።

"ያይኔ፣ ከዚህ ብልክ ይከፍቱታል። ጋሼ መንበሩ እዚያው ጀርመን ፖስታ ቤት ቢጥልልኝ ይደርሳል። ቁመቷን ይይ ብዬ ነው፤ ሌላ አንድ ቃል የለበትም። እያት፣ እዚህ ድረስ ደርሳለች።" በእጇ ደረቷን አሳየችኝ።

ከተያዘብን ያልቅልናል ብዬ ላልቀበላት አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ማን ይይዘዋል አልኩ፤ ድንበር አይሻገር። "እሽ" አልኳት። እሷ ፊት ካፖርቱን አምጥቼ፣ የግራውን ገበር ፈትቼ፣ የልጇን ፎቶ ውስጡ ሰፋሁት። እጄን ሳመችኝ። እንደማይሄድ እያወቅኩ እጄን አሳምኳት። ከሠራሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያነቃኝ ይኸኛው ነው።

ጳጉሜን አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ቴሌግራም ገባ። "ተጓዡ እስካሁን አልደረሱም። በአስቸኳይ ይላኩ" ይላል። ይዤው ሮጥኩ። ጓድ እጅጉ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የሚሰቀለውን መፈክር እያስጻፈ፣ ጣቱ ሁሉ ቀይ ቀለም ሆኗል።

"ጓድ፣ ቀኑን አንድ ጊዜ ቢያዩት..."

አነበበውና ሳቀ። "አየሽ የነሱን ነገር? መሀል አገር ያለ ሰው ሁልጊዜ እኛን እንደ ዘገየን ነው የሚያስበን። ዕቅዱ ጸድቋል አይደል?"

"ጸድቋል።"

"እንግዲያው መልሽላቸው። ጉዞው በጸደቀው ዕቅድ መሠረት ይፈጸማል። ነጥብ።"

እንዲህ አድርጌ ንስሐ ገባሁ መሰለኝ። ለአለቃው ተናግሬያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ከእኔ ወርዷል አልኩ። ባሌ ግን ከቢሮው አራት መቶ እርምጃ ርቆ ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። ሰማዩ አላሳፈረንም፤ ከቀትር በኋላ ዘነበ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ይጨፍራል፣ እናቶች ጠበሉን በየጋኑ ይጠልፋሉ። መንበሩም ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከልጆቹ ጋር ግቢው መሀል ቆመ።

"ነይ እንጂ!" ይለኛል። "በዚህ የታጠበ ሰው የኤርፉርት ብርድ አይነካውም!"

"ጉንፋን ይይዝሃል፣ ግባ!"

"አሥር ቀን ብቻ ቀረኝ፣ ያይኔ! አሥር ቀን!"

በሩ ላይ እንደ ቆምኩ ሰማዩን አየሁ። ደመና ብቻ ነው። ከዚያ ደመና በላይ አንድ ባዶ ወንበር ወደ ጀርመን እየሄደ ነበር። ልጆቼ አባታቸውን ጭቃ ይቀቡታል። እኔም ጌታዬ ሆይ፣ አስቀረህልኝ ብዬ አመሰገንኩ። ሌላም ነገር ሊጸጽተኝ ሲጀምር ጋኑ ሞላልኝና ላነሣው ሄድኩ።

መስከረም አምስት የአሸኛኘት ሥነ ሥርዓት ሆነ። የኪነት ቡድኑ ከበሮ መታ። ጓድ እጅጉ ስለ ሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች ሲናገር መንበሩ ካፖርቱን በዚያ ፀሐይ ለብሶ ያልበዋል። በማግስቱ የበርበሬው ጆንያ አውቶቡሱ ላይ ሲጫን ተሳፋሪው ሁሉ አነጠሰ። መንበሩ በመስኮት በኩል እጄን ያዘኝ። "አልቀርም፤ አትፍሪ" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

መስከረም ሰባት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ከጓድ እጅጉ ቢሮ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው፤ በሩ ደግሞ አይገጥምም።

"ምን ማለት ነው ሄዷል? ማን ፈቅዶለት ሄደ?... አውሮፕላን ነው ብሎ እንዴት... የኛ ዕቅድ መስከረም ስምንት ነው የሚለው! ማን ሻረው?" ከዚያ ካዝናው ሲከፈት ሰማሁ፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ድምፁ እንደገና ሲመጣ ቀጥኖ ነበር። "መምህር መንበሩ፣ ስማኝ። እስከ መስከረም ሃያ ሁለት እዚያው አዲስ አበባ ቆይ። ዘመድ አለህ አይደል? ከዚያ መጥተህ ሪፖርት ታቀርባለህ። በዕቅዱ መሠረት... ምን አየሁ ልበል ትለኛለህ እንዴ? የምታየው እኮ ተጽፎ ተሰጥቶሃል!"

ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቆመ።

"ሰምተሻል?"

"አልሰማሁም፣ ጓድ።"

"ጎበዝ። ይህ ጉዳይ ቢነሣ እኮ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ጻፈው ተብሎ ነው።"

ልጆቼ መስቀልን ያለ አባታቸው ዋሉ። መንበሩ መስከረም ሃያ አራት ቀን ገባ። የፀሐይ ንዳድ ፊቱን አጥቁሮታል፤ ጀርመን አገር ፀሐይ እንዲህ ይበረታል እንዴ ያለ ሰው የለም። ልጆቹን ሳመ። ካፖርቱን አልጋው ላይ አስቀመጠና እኔን ሳያየኝ ተናገረ።

"አዲስ አበባ ላይ ደብዳቤውን አሳዩኝ። እንግሊዝኛውን።"

የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ይጮሃል፤ እኔም ካሰችን እጠራበታለሁ። ይረግመኛል፤ እኔም ልጆቹን አቀርብበታለሁ። ክፉ ክፉውን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። እሱ ግን፣ "እንደ ተጻፈው ነው ብለሽኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው" አለና እግሩን ሊታጠብ ወጣ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። መንበሩ ሪፖርቱን ሲያነብ እኔ በልቤ ቀድሜው አነብ ነበር፤ የራሴ ጽሑፍ ነዋ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ግን ወረቀቱን አጠፈው። መስኮቶቹን፣ አበባውን፣ ከሥር የሚፈሰውን ቀጭን ወንዝ፣ ጠዋት ቤቱን ከፍቶ ድልድዩን የሚጠርገውን ሽማግሌ እያየ ተናገረ። ከገጠር የመጡ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ አዛውንት እጃቸውን አነሡ።

"የኔታ፣ ይህ ድልድይ ቤት የተሠራበት ነው ካሉን፣ ወታደሩ የት ይቆማል?"

"ወታደር የለውም፣ አባቴ።"

"እና ማን ይጠብቀዋል?"

"የሚኖሩበት።"

አንድም ሰው አልሳቀም። ጓድ እጅጉ ሳል ያዘው። "ወደ አራተኛው ቀን እንለፍ" አለ። ዕቅዱ መቶ በመቶ መፈጸሙ ተገልጾ ተጨበጨበ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ጉብኝትም መንበሩ ካለው ልምድ የተነሣ አስጎብኚ ኮሚቴ ውስጥ እንዲገባ ተመረጠ።

በማግስቱ ጠዋት ካሰች በራችን ላይ ቆመች። ልብሷን ቀይራለች።

"እንኳን ደህና ገቡ፣ ጋሼ መንበሩ። ትናንት ሰው በዛብኝና ነው። እንዴት ያለ አገር ነው እናንተየ! እዚያ ድልድይ ላይ ፖስታ ቤት አለ?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጣሉልኝ?"

መንበሩ ምን እንደምትል አልገባውም። ያን ካፖርት አሥራ ስምንት ቀን ሲሸከመው ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኩትም ነበርና። ዞሮ አየኝ። ከመጣ ጀምሮ ገና ያን ጊዜ ነው ያየኝ።

ምላጭ አመጣሁ። ካፖርቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የግራውን ገበር ተረተርኩት። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋት። ልጅቱ አንድ ቀን እንኳ አላረጀችም።

"አልሄደም፣ ካሰች። ጀርመን አልደረሰም። አውሮፕላኑ የሄደው ጳጉሜን ሦስት ነው፤ እኔ ከሐምሌ ጀምሮ አውቅ ነበር። ስሰፋውም አውቅ ነበር።"

ካሰች ፎቶውን ገለበጠችው። አድራሻው እንዳለ ነው።

"እኔን እንዳትሆኚ ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"እንዲያው ብትነግሪኝ፣" አለች፣ "ፀጉርሽን እንኳ አሳምሬ ባልሠራሁልሽ።" ፎቶውን ጡቷ ሥር መለሰችና ነጠላዋን አስተካከለች። "ልሂድ። ሰኞ ነው።"

መንበሩ ከግድግዳው ላይ የድልድዩን ሥዕል አውርዶ፣ ጠቅልሎ፣ በክንዱ ሥር ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣ። እዚያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎታል፤ ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት አልተመለሰም።

እኔም ነጠላዬን አንሥቼ ካሰችን ተከተልኳት። ልታስቀረኝም ልትጠራኝም ዞር አላለች። በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳይሆን በዋናው መንገድ ሄድን። ሰው ሁሉ አየን፤ የማውቀው ሰው ሁሉ ደግሞ የዚያን ጠዋት ከቤቱ የወጣ ይመስል ነበር። ቀበሌው በር ስንደርስም ተከትያት ገባሁ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ካሰችን፣ "ባልሽ ምን ጻፈልሽ?" አላት።

"ምንም።"

"ፈርሚ።" ከዚያ እኔን አየኝና እስክሪብቶውን አንጠልጥሎ ቀረ። "ወይዘሮ ያይኔአበባ? እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ? የርስዎ ባል ተመልሰው የለም እንዴ?"

"ተመልሷል፤ ሪፖርቱን አልሰማህም?" አልኩት።

ካሰች ፈረመች። የሚቀጥለው ሰኞም አብሬያት ሄድኩ።